ሽሮ ሜዳ ላለው ሱቃችን የደረሰልንን ልጅ ላመስግነው

ሰላም ለሁላችሁ። ዌብሳይታችን ጉግል ላይ እንዲገኝ ላደረገልን ልጅ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ሥራው፣ የሰርጉ ሰሞን፣ በዓሉ እያለ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ዛሬ ግን ሳልጽፈው አላድርም።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለን። እናቴ ጀመረችው፣ እኔ ተረከብኩት፣ አሁን አራት ልብስ ሰፊዎችና አንድ ጥልፍ የሚሠራ ልጅ አብረውን አሉ። ገበያችን በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች በስልክ ማዘዝ ሲጀምሩ ግን ዌብሳይት አሠራን። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዌብሳይት አንድም ሰው አልመጣም። አንድም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነው፣ ስማቸውን አልጠራም። "በአንድ ሳምንት ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን" አሉኝ። አምኜ የሦስት ወር ከፈልኩ። የሠሩልኝ የበዓል ፖስተር ነው፣ እንኳን አደረሳችሁ ከነሎጎው። የፌስቡክ ፎሎወር በአንድ ሌሊት በሺህ ጨመረ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን የአንድ ቀሚስ ዋጋ የጠየቀ የለም። በቃኝ ስላቸው ደግሞ የገጹ አድሚን እነሱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለማስመለስ ሁለት ወር ለመንኩ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ይሄን ልጅ ይዛው ስትመጣ ፊት አልሰጠሁትም።

እሱ ስለ ዋጋ አላወራም። ጉግል ላይ "ሳይት" የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ ሁለት ነጥብ አደረገ፣ የዌብሳይታችንን አድራሻ አስከተለና ፈለገ። ባዶ። "እትዬ፣ ጉግል እናንተ መኖራችሁን አያውቅም" አለኝ። ከዚያ የዌብሳይቱን የውስጥ ማስተካከያ ከፍቶ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳየኝ። ዌብሳይቱ በተሠራበት ዎርድፕረስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ጉግልና መሰሎቹ ይህን ዌብሳይት እንዳይመዘግቡ የምታደርግ ሳጥን ናት፣ ውስጧ የራይት ምልክት አለ። ዌብሳይቱ ገና ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ተብሎ የተደረገ ነው፣ ሲያልቅ ማንም አላነሳውም። ሁለት ዓመት! ምልክቷን አጠፋት። ለዚህ ስንት ልክፈል ስለው "ኧረ ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው" ብሎ ወደ ሌላው ሄደ። እኔ እዚያች ላይ አመንኩት።

ቀጥሎ የጉግል ካርታውን አየ። የሥራ ሰዓት ሙሉ ስባል እኔው ራሴ በእኛ አቆጣጠር ከ2 እስከ 12 ብዬ ሞልቼዋለሁ። ጉግል ደግሞ የወሰደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ የፈለገን ሰው ሁሉ "ዝግ ነው" ይለዋል፣ እኛ ግን በራችን ተከፍቶ ቁጭ ብለናል። እባካችሁ የእናንተንም ዛሬውኑ እዩት፣ ብዙ ሱቆች ላይ ያለ ስህተት ይመስለኛል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ደብተሩ ነው። ሁለት ቀን ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ሲገባ የሚለውን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ስልክ ሲደወል ደግሞ ድምጹን ከፍ አድርጊው ይለኛል። እኛ ዌብሳይቱ ላይ "ምርቶቻችን" ብለን አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ደርድረን ነበር። ሰው ግን "ምርት" ብሎ አይጠይቅም። "ለመልስ የሚሆን"፣ "ለሚዜዎች ስድስት አንድ ዓይነት"፣ "ለክርስትና የእናትና የልጅ"፣ "ለእማማ ቀለል ያለ ጥበብ" ነው የሚለው። ደብተሩ በዚህ ተሞላ። ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ርዕስ፣ የራሱ ፎቶ ተሠራለት፣ ለመስፋት ስንት ቀን እንደሚፈጅና ልክ እንዴት እንደሚወሰድ ተጻፈ። ጽሁፉን የጻፍነው እኔና ልብስ ሰፊዎቹ ነን። እሱ ይጠይቀናል፣ እኛ እንመልሳለን፣ እንደተናገርነው ያሰፍረዋል። ዋጋና መጠን ፎቶው ላይ ተጽፎ የነበረውንም አውጥቶ በጽሁፍ አደረገው።

የፊደሉንም ነገር አንስቶብን ነበር። ሰርግ በእሳቱ ሰ ይጻፋል፣ በንጉሡ ሠም ይጻፋል። ሀበሻም እንደዚያው፣ ሰው እንደለመደው ነው የሚጽፈው። ሁለቱንም እየጻፈ ሲያሳየን የሚመጣው ዝርዝር አንድ አልነበረም። ውጭ ያደጉት ልጆች ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ እሱም አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ይሄን ሁሉ ሳያጨናንቅ፣ ሲያነቡት ሳያስጠላ በየቦታው አስገባው።

ፍጥነቱንም አስተካክሎልናል። በሱቁ ዋይፋይ ስናየው ደህና ነበር። እሱ የገንዘብ ተቀባያችንን ስልክ ተውሶ በዳታ ከፈተውና እጄ ላይ አስቀመጠው። ነጭ ገጽ። ጠበቅኩ፣ አሁንም ነጭ። ፎቶዎቹ ከካሜራው እንደወጡ የተጫኑ ስለሆኑ ነው፣ አሳነሳቸው።

ማስታወቂያ እንክፈል ስለው እምቢ አለኝ። ያውም ተከፋይ እሱ ሆኖ! ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዶላር የሚከፈል ቡስት (የፌስቡክ ማስታወቂያ) በብር ስንት እንደሚመጣ የከፈለ ያውቀዋል። "መጀመሪያ ቤቱ ይስተካከል፣ ከዚያ እንግዳ እንጠራለን" አለ። አስተያየትና ኮከብ እንግዛ የሚል ሰውም መጥቶ ነበር፣ እሱ ግን ጉግል እንደሚከለክለውና ሲደርስበት እንደሚያጠፋው ነግሮኝ አስተወኝ። ይልቅ ልብሱን ተረክቦ የተደሰተውን ሰው እንድጠይቅ አስለመደኝ። ቀሚሷ ዘግይቶባት አንድ ኮከብ ለሰጠችን ልጅም ይቅርታ ጠይቄ መልስ ጻፍኩላት። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ውጤቱን እንደነበረው ልናገር። አራት ወር ያህል ምንም የሚታይ ነገር የለም። እሱም ቀድሞ ነግሮኛል፣ የጉግል ሰዎች ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል ነው የሚሉት፣ አንደኛ እንደሚያወጣ ዋስትና መስጠት የሚችል እንደሌለም ጽፈውታል። ዛሬም "ሀበሻ ቀሚስ" ብቻ ብላችሁ ብትፈልጉ ሩቅ ነን። ግን በአምስተኛው ወር አንዲት እናት ከሜሪላንድ ደወለች። ለራሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ ለጥምቀት አንድ ዓይነት ትፈልጋለች። በማን አገኘሽን ስላት "ጉግል ላይ፣ የእናትና የልጅ ብዬ ስፈልግ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ሳምንት ያለ ትዕዛዝ አላለፈም፣ ባለፈው ጥር ሌላ ልብስ ሰፊ ጨምረናል።

በየወሩ መጥቶ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል ነፃ መሣሪያ ከፍቶ ሰው ምን ጽፎ እንደመጣ ያሳየኛል፣ ቡና እየጠጣን። የጥምቀት ልብስ ፍለጋው በኅዳር እንደሚጀምር ያወቅኩት በዚያ ነው። አሁን አዲሱን ዲዛይን መስከረም ላይ እንለጥፋለን። ሁሉም አካውንት በእኔ ኢሜይል ነው የተከፈተው፣ የይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ብንለያይ አንድም ነገር አይጎድለኝም። የመጀመሪያዎቹን ላየች ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም ትመርቅሃለች፣ "ያ ደብተር ያለው ልጅ" ነው የምትልህ።

ስሙን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ክፍያው በወር ነው፣ እንደ ሥራው ይለያያል፣ ውሉን በጽሁፍ ያደርጋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አይዝም፣ ስለዚህ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ከመደወላችሁ በፊት የዌብሳይታችሁና የገጾቻችሁ የይለፍ ቃል ማን እጅ እንዳለ አጣሩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።