ኮምፒውተሬን ከመንካቷ በፊት ለጠየቀችኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ተስፋ ቆርጬበት የነበረው ላፕቶፕ ዛሬ ያለ እንከን እየሠራልኝ ስለሆነ፣ ያስተካከለችልኝን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እንደ እኔ የተቸገረ ሰው ካለም ሌላ በር ከማንኳኳቱ በፊት ወደ እርሷ እንዲሄድ ከልቤ እጠቁማለሁ።

ችግሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተሩ ከዋይፋይ ጋር ይገናኛል፤ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም ብሮውዘር ቢሞከር አንድም ድረ ገጽ አይከፈትም። በዚያው ዋይፋይ ስልኬ በደንብ ይሠራል። ከጡረታ በኋላ በትርጉም ሥራ የምተዳደር በመሆኔ፣ የምገለገልባቸው መዝገበ ቃላትም ሆኑ የደንበኞቼ ሰነዶች ያሉት በኢንተርኔት ላይ ስለሆነ፣ ድረ ገጽ አልከፈት አለ ማለት እንጀራዬ ተቋረጠ ማለት ነበር።

ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ጥገና ቤቶች ያሳዩኝን ግን በዝምታ አላልፈውም። በአንደኛው ችግሬን ተናግሬ ሳልጨርስ «ፎርማት መደረግ አለበት» ተባልኩ፤ በውስጡ ያሉት የብዙ ዓመት ሰነዶች ምን ይሆናሉ ብዬ ስጠይቅ፣ ልጁ መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሌላው ቤት ኮምፒውተሩን አሳድሮ፣ ያላዘዝኳቸውን ፕሮግራሞች ጭኖበት፣ ድረ ገጽ ግን እንደ ቀድሞው አልከፍት እንዳለ መለሰልኝ፤ ክፍያውን ግን አልማረኝም። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ዕቃ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ተቃጥሏልና ይቀየር አለኝ። ኢንተርኔት የሚያቀርብልኝ ድርጅት በበኩሉ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ «ቢነገርዎትም አይገባዎትም» የሚለው አነጋገራቸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከቃላት ጋር የኖርኩ ሰው፣ በወጉ ከተነገረኝ የማይገባኝ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

ይህችን ባለሙያ ያገኘኋት በወዳጄ ጥቆማ ነው። ኮምፒውተሩን ከፊቷ ሳስቀምጥ እጇን ሳትሰነዝር ጥያቄ ጀመረች። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላም «ጋሼ፣ ከብሮውዘሩ ሌላ ኢንተርኔት የሚጠቀም ነገር አለዎት? ለምሳሌ ቴሌግራም መልእክት ያስገባልዎታል?» አለችኝ። በእርግጥም ያስገባ ነበር። ከእርሷ በፊት ይህን የጠየቀኝ ማንም አልነበረም። «እንግዲያውስ ካርዱ አልተቃጠለም፤ የተቃጠለ ካርድ መልእክት አያስገባም» አለችና፣ ልገዛው የነበረውን ዕቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀረችልኝ።

ቀጥላ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ተመለከተች፤ ቀኑ ከተዛባ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ማረጋገጫ አልቀበልም ሊል ይችላል አለችኝ። ኢንተርኔቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈውን፣ ፕሮክሲ የሚባለውንም ቅንብር አየች። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ 8.8.8.8 የሚል ቁጥር ጻፈች፤ ጉግል ከ2009 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው ክፍት ያደረገው አገልግሎት አድራሻ ነው ብላ አስረዳችኝ። ቁጥሩ ወዲያው መለሰ፤ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። የአንድ ድረ ገጽ ስም ስትጽፍ ግን ምንም የለም። ኮምፒውተሩ የሰውየውን ስም ይዞ ቤቱን የሚያመለክተው እንዳጣ እንግዳ ሆኖ ነበር፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለት ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት አድራሻ ቀደም ሲል በእጅ ተሞልቶ፣ በዚያ አድራሻ ያለው ሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር፣ አሁን መልስ አይሰጥም። ቴሌግራም ግን ሰርቨሮቹን በቁጥር ስለሚያውቃቸው ጠቋሚ አላስፈለገውም። ኮምፒውተሩ የዲኤንኤሱን አድራሻ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ በራሱ እንዲወስድ አደረገችው፤ ድረ ገጹም ተከፈተ። ሌላም የነካካችው ነገር ነበር፤ እርሱን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ።

ከሙያዋ በላይ የነካኝ ግን አንዲት ወረቀት ናት። የድሮውን አድራሻ ከማጥፋቷ በፊት በወረቀት ላይ ገለበጠችው፤ ከሥሩም ምን እንደለወጠችና የት ገብታ እንደለወጠች በግልጽ አማርኛ ጻፈችልኝ። «ነገ ሌላ ሰው ቢነካው፣ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል» አለችኝ። ከዚያም ወንበሩን ለቀቀችልኝ፤ ያንኑ መንገድ በገዛ እጄ እስክደግመው ድረስ ከጎኔ ቆማ ጠበቀች፤ ስዘገይም አልቸኮለችብኝም፣ ማውዙንም ከእጄ አልወሰደችም። ያስከፈለችኝ የሠራችበትን ብቻ ነው፤ ደስ ብሎኝ ልጨምርላት ብሞክርም አልተቀበለችም። ተባረኪ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።

ስልኳን በዚህ ገጽ እንዳወጣ አልፈቀደችልኝም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ኮምፒውተራችሁ ተገናኝቷል እያለ ድረ ገጽ አልከፍት ካላችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁም ሆነ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ እርሷን አማክሯት። ስትደውሉላት የትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ፣ ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ይከፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ አይታችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።