ሜራኖን ቤዝ አድርገን አልፕስን በመኪና ስንዞር ሰነበትን፦ ከ5 4 ሰጥቻታለሁ

ጸደይ ላይ አልፕስን በመኪና ለመዞር ያሰበ ሰው ካለ ይሄን ያንብብ፣ ስህተቱን እኛ ሰርተንለታል። የሄድነው ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነው፣ እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሜ፣ ሰሜን ጣሊያን ደቡብ ታይሮል በሚባለው በኩል፣ ኪራይ መኪና ይዘን ለዘጠኝ ቀን። መጀመሪያ ያረፍነው ግን ሜራኖ ከተማ አልነበረም። ከ1,500 ሜትር በላይ ያለች አንዲት መንደር ነበረች፣ የመረጥናትም በፎቶ ነው። ሰገነት፣ ከሰገነቱ ፊት ለፊት በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከስሩ "ስቴልቪዮ ፓስ ቅርብ ነው" የሚል ጽሁፍ። ማን እምቢ ይላል?

ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፣ አልዋሹም። ያልነገሩን ስቴልቪዮ (ፓስ ማለት ተራራ የሚያሻግር ከፍ ያለ መንገድ ነው) 2,757 ሜትር ላይ ስለሆነ በረዶው ተጠርጎ መንገዱ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ሜይ መጨረሻ ወይ ጁን መጀመሪያ መሆኑን ነው። በፕራቶ መንደር በኩል ያሉትን 48 ኩርባዎች እየቆጠርን ልንወጣ ሄደን አንድ የብረት መዝጊያ ቆጥረን ተመለስን። ጥፋቱ የኛም ነው፣ መጠየቅ ነበረብን፣ ግን ኤፕሪል ላይ ለሚመጣ እንግዳ ይቺን አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል? ፎቶውም በኋላ ልብ ብለን ስናየው ሰገነቱ ላይ አበባ አለ፣ የበጋ ፎቶ ነው።

መንደሩ ደግሞ ጭር ያለ። የስኪው ሰው ሄዷል፣ በእግር የሚጓዘው ገና አልመጣም፣ የኬብል መኪናው ቆሟል፣ የጎረቤት ሆቴሎች መስኮታቸውን ዘግተው ባለቤቶቹም ራሳቸው እረፍት ወጥተዋል። ከስኪ ማብቂያ እስከ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ብዙ ከፍታ ላይ ያሉ መንደሮች እንዲህ ናቸው፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ዝም ያለ ቦታ ፈልጎ ቢሄድ ይወደዋል፣ እኛ ግን ልንነዳ ነው የሄድነው። ለመንዳት ደግሞ መውጫው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ጠዋት በሱ መውረድ፣ ማታ በሱው መውጣት።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ እየነዳ ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ ስንደርስ መኪናው ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ቀን ላይ ከዳገቱ እየቀለጠ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ያየነው ቀጭን ውሃ ሌሊቱን መስታወት ሆኖ አድሯል። ፍሬኑ እግሩ ስር ተንቀጠቀጠ፣ ጎማው እንደምንም ደረቅ አስፋልት ያዘ፣ ምንም አልሆንንም። ባለቤቴ ግን ከኋላ ወንበር "ዛሬ ማታ እዚህ አናድርም" አለች፣ ተከራካሪም አልነበረም።

በዛኑ ቀን ሜራኖ ወረድን። ከተማዋ 325 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ እና ላይ ጃኬት ለብሰን ከመኪናው መስታወት በረዶ ስንፍቅ ቆይተን እታች ስንደርስ ሰው በቲሸርት ይንሸራሸራል። ግን እኔ ሜራኖን ነጥብ የሰጠኋት ለሙቀቷ አይደለም፣ ለመውጫዎቿ ነው። ማታ ካርታ ዘርግተን ኤፕሪል ላይ ክፍት የሆነውን መንገድ ብቻ ቆጠርን። ወደ ሰሜን ቲሜልስዮኽ ፓስ፣ 2,474 ሜትር፣ ዝግ፣ እሱም ብዙ ጊዜ እስከ ጁን አካባቢ አይከፈትም። ያውፈን ፓስ፣ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እኛ በነበርንበት ሳምንት ገና አልተከፈተም። እነዚህ ሁለቱ ተሰርዘውም እንኳ ወደ ምዕራብ የቪንሽጋው ሸለቆ፣ ወደ ደቡብ ጋምፐን ፓስ፣ ወደ ቦልዛኖ ከተማ ፈጣኑ መንገድ፣ ከቦልዛኖ ደግሞ ወደ ዶሎማይትስ ተራሮች ወይ በብሬነር በኩል ወደ ኦስትሪያ። ብሬነር 1,370 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ይሰራል። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትሄዳላችሁ፣ በቃ።

ከሁሉም የወደድነው ዙር ከሜራኖ በላና አድርጎ ጋምፐን ፓስን (1,518 ሜትር) ወጥቶ፣ ፎንዶ ወርዶ፣ ከዛ ሜንደልን (1,363 ሜትር) ተሻግሮ በካልተርን ሃይቅ በኩል ቦልዛኖ የሚያስገባው ነው። ሳትጣደፉ እየቆማችሁ ከነዳችሁት የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ ሁለቱም ፓሶች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ክረምትም ክፍት ናቸው፣ ኩርባ ከተባለ ደግሞ ሜንደል ቁልቁለቱ ይበቃችኋል። እዛ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ መኪናው ኦቶማቲክ ነው ብላችሁ ቁልቁለቱን ሙሉ በፍሬን አትውረዱ። እኔ ወረድኩ። ግማሹ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ መጀመሪያ ከፊታችን ያለው መኪና ነው ብዬ ሰው አማሁ፣ የራሴ ነበር። ጥግ ይዘን ቆምን፣ እስኪበርድ ጠበቅን፣ ከዛ ማርሹን በእጅ ወደ ሁለት አድርጌ ሞተሩ እየያዘው ወረድን።

ያላሰብነው ነገር ደግሞ የፖም እርሻው ነው። ላናና ቪንሽጋው ከዳር እስከ ዳር ፖም ነው፣ ኤፕሪል ላይ ያብባል፣ ሌሊቱ ዜሮ ሲጠጋ ገበሬዎቹ አበባው ላይ ውሃ መርጨት ይጀምራሉ። እብደት ይመስላል አይደል? ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ግን ሙቀት ይለቃል፣ መርጨቱ እስካልተቋረጠ ድረስ አበባው ዜሮ አካባቢ ይቆያል እንጂ ከዛ ወርዶ አይሞትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን አቁመን አንዱን ቅርንጫፍ ጠጋ ብዬ አየሁት፣ ሮዝና ነጩ አበባ ጣት በሚያክል ጥርት ያለ በረዶ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከጫፉ አሁንም ይንጠባጠባል። ከሰገነት ፎቶው ይሄ ይበልጥብኛል።

በቪንሽጋው ወደ ሬሸን ሃይቅ የሚወስደው መንገድ ከትራክተርና ከከባድ መኪና ኋላ ያስጎትታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል አስቡለት። ጫፍ ላይ ግን ግራውን የሚባለው መንደር ቤተክርስቲያን የነበረው፣ ውሃ ውስጥ ብቻውን የቆመ የደወል ማማ አለ፣ መንደሩ 1950 ላይ ለግድቡ ሲባል የተዋጠ ነው። ዶሎማይትስም ሄደናል፣ ፖርዶይ 2,239 ሜትር ቢሆንም የስኪ አካባቢ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ይጠርጉታል፣ በረዶ ከጣለ በኋላ ብቻ ለጊዜው ይዘጋል። እኛ በቀናን ቀን ሄድን፣ ግራና ቀኙ የበረዶ ግድግዳ ነው። ዊንተር ጎማ (ለበረዶ የተሰራ ጎማ) ይኑራችሁ። ግዴታው ብዙ ቦታ ኤፕሪል 15 ያበቃል፣ በረዶው ግን ቀን አይቆጥርም።

አሁን አንዷን ነጥብ ለምን ቀነስኩ። ወደ ቦልዛኖ የሚወስደው መንገድ ጠዋት የስራ መግቢያ ሰዓት ላይ ይጨናነቃል፣ ሜራኖ መሃል ደግሞ እንደ ብዙ የጣሊያን ከተሞች ዜድ-ቲ-ኤል አለ፣ ማለት ፈቃድ የሌለው መኪና ከገባ ካሜራ አንስቶ ቅጣቱን በኪራይ ድርጅቱ በኩል ቤታችሁ ድረስ ይልክላችኋል። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ፣ የራሱ ፓርኪንግ ያለው ፈልጉ። እኛ የያዝነው ቤት (ስሙን አልጠራም፣ ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናቸው) ፓርኪንግ አለው ተብሎ ፓርኪንጉ ለብስክሌት የተሰራ የሚመስል ምድር ቤት ነው፣ መግቢያው ላይ ጥምዝ አለ፣ ጥምዙ ላይ ምሰሶ አለ። 48 ኩርባ ሳላገኝ እዛች አንዷ ላይ የቀኝ ስፖኪዮዬን ጥዬ ገባሁ።

ጣሊያንኛ አንችልም ብለን ስንጨነቅ የነበረው ግን እዚህ ላይ ቀለለን። ጋራዡ ያለው ሽማግሌ እንግሊዝኛ የለውም፣ እኔ በእጄ እያሳየሁ በአማርኛዬ "ስፖኪዮ" አልኩት። "ስፔኪየቶ!" አለና መሳቢያውን ከፈተ። ወንድሜ ሞቅ አለውና ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራብሬዛ እያለ ደረደረለት፣ ሰውዬው እያንዳንዷን እያረመ ስፖኪዮውን ገጠመልን።