«ተወው፣ ይዋጠው» ላሉን ጋሼ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር መጥቶ ጣና ላይ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጀልበኛ ልጠቁም ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የአጎቴ ልጅ ከፍሎሪዳ መጥቶ ነበር። እዚያ ቅዳሜና እሁድን ላርጅማውዝ ባስ የሚባል አፈ ሰፊ ዓሣ ሲያሳድድ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ አድርጎ ትልቁን ይጠብቃል። የዓለም ክብረ ወሰኑ 10 ኪሎ እንደሆነ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ እንደተያዘና በ2009 ጃፓን ውስጥ አቻው እንደተገኘ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቤት ሲነግረኝ መጣ።

ባስ ጣና ውስጥ የለም። ጋሼ ግን ነገሩን ሰምተው ሳቅ አሉና «አፈ ሰፊ ከሆነ የምትፈልገው፣ እኛም ጋ አይጠፋም» አሉት። እውነታቸውን ነው። ጣና ውስጥ ከነጭ ዓሣ ወገን ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ 8 ዓይነቶች አሉ፤ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ሜጋስቶማ ነው፣ «ትልቅ አፍ» ማለት! የአጎቴ ልጅ ይህን ስልኩ ላይ ሲያነብ ጸጥ አለ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተን ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሄድን። ጋሼ ትንንሾቹን ዓሣዎች በባልዲ ይዘው፣ ላዩን እርጥብ ጆንያ አልብሰውታል፤ በየጊዜው በጣሳ ውኃ ይቀይሩላቸዋል። መንጠቆውን ከጀርባው ክንፍ ሥር፣ አከርካሪውን ሳይነኩ፣ ቆዳውን ብቻ ያዝ ያደርጉታል። ዓሣው እንደ ደህና ይዋኛል።

የእኛ ሰው ክሩ ንቅንቅ ባለ ቁጥር እየመነጨቀ ሁለት ዓሣ አመለጠው። ሦስተኛው ሲመጣ ጋሼ እጁን ያዙት፦ «ተወው ልጄ፣ ይዋጠው።» ክሩ ሲሄድ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲሄድ እያየን ትንፋሻችንን ዋጥን። «አሁን!» ሲሉ ሳበ። 3 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነጭ ዓሣ ነበር። አፉን ከፍተው ጣቴን አስገባ አሉኝ፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ቶሎ ከሳብከው አፉን ከፍቶ ይተፋዋል አሉን። ፎቶ አንስተን መለስነው። (እናቴ ይሄ እስካሁን አልገባትም። ምሳ መልሳችሁ መጣችሁ ትለናለች።)

ዓምና ሌላ ጀልበኛ ቀብድ ተቀብሎኝ ስልኩን ዘግቶብኛል፤ ሌላው ደግሞ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት ሊወስደን ነበር። ጋሼ ጃኬቱን ሳንለብስ ሞተር አያስነሱም። ነፋሱ ሳይበረታ ከቀትር በፊት ይመልሳሉ፣ የተስማማነው ዋጋ ላይም አምስት ሳንቲም አልጨመሩም። ዓሣ ታገኛላችሁ ብለው ግን ቃል አይገቡም፤ እሁድ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ያገኘነው አንድ አምባዛ ብቻ ነው። በክረምት ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ ውሰዱኝ ብትሏቸውም አይሰሟችሁም። ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ያኔ ነውና «እናቶቹን መንገድ ላይ አልጠብቅም» ይላሉ።

አንድ ጉድለት አላቸው፦ ስልክ አያነሱም። መልሰው እስኪደውሉ ጠብቁ። ቁጥሩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! የአጎቴ ልጅም ለመጪው ጥር ቀን ያዙልኝ ብሎዎታል።