ባሕር ዳር ላይ ሶሌታ ለምትሞሉ፦ ስለ ሊግኖሰልፎኔት አድሚክስቸር

በ20 ሊትር ጀሪካን የሚሸጠውን ቡናማ ፕላስቲሳይዘር (በትንሽ ውሃ አርማታን የሚያላላ ፈሳሽ) ከለመድኩ ወዲህ ሶሌታ ያለሱ አላስሞላም። ጀሪካኑ ላይ «ካልሲየም ሊግኖሰልፎኔት» የሚል ተጽፎበታል፤ ሽታው ወደ ሞላሰስ ያደላል። በእኔ ሚዛን በከተማችን ለሚሠራ ተራ መኖሪያ ቤት ከዚህ የበለጠ ዋጋውን የሚያወጣ አድሚክስቸር፣ ማለትም አርማታ ላይ የሚጨመር ቅመም፣ የለም። ለሁሉም ሥራ ግን አይሆንም።

የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ረፋዱ ላይ አርማታው ቶሎ ይደርቅና ልጆቹ ውሃ ይጨምራሉ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ ከክብደቱ ሩብ አካባቢ ነው፤ የቀረው ተኖ ሲሄድ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ደግሞ መሬቱ እርጥብ ስለሆነ በዚያ ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ ፌሮውን ያዝጋል።

ጣና ዳር አጠገብ አንድ ጂ ፕላስ 2 ቤት ስንሞላ፣ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 28 ሊትር ውሃ ይወስድ የነበረው ድብልቅ በ25 ተኩል ሊትር ተመሳሳይ ልስላሴ አገኘ። ዋናው ግንበኛ አላመኑም። «ልጄ፣ ይኼ ውሃ አንሶታል፤ ፌሮው መሃል አይገባም» አሉኝ። «እስቲ ጋሼ፣ ቫይብሬተሩን ያስገቡበት» አልኳቸው። የቫይብሬተሩ ንቅናቄ ሲነካው አርማታው ላላ ብሎ ከቢሙ ፌሮ ሥር ገባ፤ ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ወጥቶ ጠፋ። የውሃ ባልዲውን ገለል ያደረጉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ፎርሙ (አርማታው የተሞላበት ሳንቃ) ሲፈታ የቢሙ ሥር ለስላሳ ነበር፤ ጠጠር ያፈጠጠበት ቦታ አላየሁም።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ መጠኑን ለማክበር ይረዳል። ሊግኒን የእንጨትን ቃጫዎች አጣብቆ የሚያጠነክር ነገር ነው፤ በተፈጥሮው ውሃ ውስጥ አይሟሟም። የወረቀት ፋብሪካ እንጨቱን ሰልፋይት በሚባል ኬሚካል ሲቀቅለው ግን ሊግኒኑ ላይ ሰልፎኔት የሚባል የሰልፈር ክፍል ይጨመርበትና መሟሟት ይጀምራል፤ ከፊሉ ውሃ ይወዳል፣ ከፊሉ ይሸሻል። የሲሚንቶው ቅንጣቶች ላይ ሲለጠፍ ሁሉንም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለብሳቸዋል፤ ቅንጣቶቹ ይገፋፋሉ፣ መሃላቸው ታፍኖ የነበረው ውሃም ይለቀቃል። ከእንጨቱ የቀረው ስኳር ደግሞ ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይይዝ ያደርገዋል። ለሶሌታ ይኼ መዘግየት ጥቅም ነው፤ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ቀድሞ የተሞላውና ኋላ የሚሞላው አርማታ መገጣጠሚያ ሳይደርቅ ትጨርሳላችሁ።

ለኮለን (ለአርማታ ምሰሶ) ግን አልመክረውም። ነገ ፎርም ፈትቶ ሌላ ቦታ ለመግጠም ለሚቸኩል ሰው መዘግየቱ ዕዳ ነው። መጠኑ ካለፈማ ባሰ፤ አንድ ሳይት ላይ በግምት ስለጨመሩ በማግስቱም በጥፍር የሚጫር አርማታ አይቻለሁ። ብዙ ሲገባ አየርም ይዞ ስለሚቀር ጥንካሬው ይወርዳል። እኔ የገዛሁት ለ50 ኪሎ ከረጢት ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ይላል። በመለኪያ ኩባያ ለክታችሁ ከመጨረሻው ውሃ ጋር ጨምሩት፤ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አታፍስሱት።

ፖሊካርቦክሲሌት ከሚባለው ጠንከር ያለ አድሚክስቸር ጋር አታወዳድሩት። ያ ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ይቀንሳል፤ ይኼ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ለትልልቅ ፎቅ ሕንፃ ያኛውን እመርጣለሁ። ነገር ግን ያኛው ዋጋው ይከብዳል፣ የአሸዋው ጭቃም ቶሎ ያበላሸዋል። አሸዋችንን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ሰው «ከእምቦጭ አይሠራም ወይ?» ይለኛል። ጣናን እያየ ያደገ ሰው ቢጠይቅ አይገርምም፣ ቢሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ እምቦጭ ግን ስፖንጅ የመሰለ ተክል ነው፣ ሊግኒኑ ትንሽ ነው። ከሶሌታው ሥር ድጋፍ ሆኖ የቆመው ባሕር ዛፍ ግን ሩብ ያህሉ ሊግኒን ነው። የኖርዌዩ ቦሬጋርድ ከእንጨት አውጥቶ ለዓለም የሚሸጠው ይህንኑ ነው። የጎጃም ባሕር ዛፍ በምሰሶና በከሰል ብቻ ማለቁ ያንገበግበኛል፤ እዚሁ የሚሠራው ቢገኝ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሱቅ በሃይላንድ እየቀዳ ይሸጣል፤ ውሃ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት በዓይን አይለይም። የታሸገ፣ የተመረተበት ቀን የተጻፈበት ጀሪካን ውሰዱ፤ ሥሩ ስለሚዘቅጥም ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ ናጡት።