የዓይን አሻራ መሣሪያ ስንገዛ፦ ከቅርብ የሚያነበው ወይስ ከሩቅ የሚለየው?

ለፋብሪካ በር ወይም ለሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ የዓይን አሻራ መሣሪያ ሊገዙ የተነሡ ኃላፊዎች ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት «ከስንት ሜትር ያነባል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ዋጋውንም ችግሩንም የሚያበዛው ይኸው ርቀት ነው።

ሁለቱም ዓይነቶች የሚያነቡት በብሌን ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል፣ ማለትም አይሪስን ነው። እንደ አብዛኞቻችን ዓይን ጠቆር ያለ ቡናማ አይሪስ በተለመደው ብርሃን ዝርዝሩን ይደብቃል፤ በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ግን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የራሱ የኢንፍራሬድ መብራት የሌለው መሣሪያ በየትኛውም ርቀት ቢቀርብልዎ አይግዙት።

ለፋይዳ ስንመዘገብ ወደ ዓይናችን የተጠጋው መሣሪያ ከቅርብ የሚያነበው ዓይነት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ሰው 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ቀርቦ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይፈልጋል። ጉድለቱ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት ይታያል፤ አጭሩ በእግሩ ጣት ይንጠራራል፣ ረጅሙ ያጎነብሳል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ሆኖም ሲሚንቶ የጣቱን አሻራ ላጠፋበት ሠራተኛ ከጣት አንባቢ እጅግ ይሻላል።

ከሩቅ የሚለየው ሰልፉን ያቃልላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሳርኖፍ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ያስተዋወቀው በር 3 ሜትር ያህል ርቀት ላይ በተለመደ እርምጃ የሚያልፉ ሰዎችን፣ በደቂቃ እስከ 20 ድረስ፣ መለየት ችሎ ነበር። ነገር ግን ያው መብራት ከ30 ሳንቲሜትር ወደ 3 ሜትር ሲርቅ ዓይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ መቶኛው ይወርዳል፤ መብራቱን እንዳሻን እንዳናበረታ ደግሞ የዓይን ደኅንነት ገደብ አለ። የምስሉም ጥራት ቀላል ነገር አይደለም፦ 12 ሚሊሜትር የሚሆነው አይሪስ በ200 ፒክሰል እንዲነሣ ከተፈለገ፣ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው መተላለፊያ ወደ 10,000 ፒክሰል ወርድ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት አምራቾች ብዙ ካሜራ ይደረድራሉ፣ ወይም መጀመሪያ ፊትን አግኝቶ ዓይንን የሚከተል ተንቀሳቃሽ ካሜራ ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ዋጋ ይጨምራሉ፣ ጥገናንም ያከብዳሉ።

በእኔ እምነት፣ በአንድ ፈረቃ መቶ ሰው ለማይሞላ ድርጅት አንድ የሩቅ ከመግዛት ሁለት የቅርብ መሣሪያ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ መስቀል ይሻላል። የሩቁ የሚገባው እጃቸው በዕቃ የተያዘ ብዙ ሰዎች ሳይቆሙ ለሚያልፉበት በር ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፈቃድ ነው፤ ከቅርብ ሰው ራሱ ዓይኑን አቅርቦ ይታያል፣ ከሩቅ ግን ሳያውቅ ሊነሣ ይችላል። የሩቁን የሚገዛ ድርጅት በሩ ላይ ግልጽ ማስታወቂያ ይስቀል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ከግዥው በፊት ያንብብ።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ክፍያ ሳይፈጸም መሣሪያው በራስዎ በር ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት ሰዓት፣ መነጽር ባደረጉ ሠራተኞች ይሞከር፤ ፀሐይም ኢንፍራሬድ ስላላት፣ የመነጽር ነጸብራቅም አይሪሱ ላይ ነጭ ነጥብ ስለሚጥል፣ በሻጩ ቢሮ ጥላ ውስጥ ያለችግር ያነበበው በዚያ ሊሳነው ይችላል።