ቶምብ ሬይደር፦ ወንዙ ላይ የበረታ፣ መቃብሩ ውስጥ የደከመ ፊልም

በፈረንጆች 2018 የወጣው፣ በዚሁ ስም ከሚታወቀው የቪዲዮ ጌም የተቀዳው «ቶምብ ሬይደር» ፊልም 118 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጌምን ስሜት ከሁሉ በተሻለ የያዘው ትዕይንት ገና ደሴቱም መቃብሩም ሳይታይ፣ ለንደን መንገድ ላይ ያልቃል። ላራ ክሮፍት በብስክሌት ዕቃ እያደረሰች የምትኖር ወጣት ናት። በኋላ የጠፋውን አባቷን ፍለጋ የጥንቷ ንግሥት ሂሚኮ መቃብር ወዳለበት ደሴት ትጓዛለች፤ ከዚያ በፊት ግን ለገንዘብ ስትል «የቀበሮ አደን» ውስጥ ትገባለች፦ ብስክሌቷ ኋላ ላይ የቀበሮ ጭራ ይታሰራል፣ የተበሳ የቀለም ቆርቆሮ ይንጠለጠላል፣ የሚንጠባጠበው ቀለም መንገዷን እያሳበቀ ብስክሌተኞች በመንጋ ያሳድዷታል። ቀለሙ እስኪያልቅ ካልተያዘች ብሩ የእሷ ነው።

ትዕይንቱ የሚሠራው ሕጉ ሩጫው ሳይጀመር ስለተነገረን ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ «በዚህ ብትገባስ?» እያልን ከእሷ ጋር እናስባለን። ለማምለጥ ስትሞክር ብልሃቱ ወዲያው ይገባናል። ጥሩ ጌም ከተጫዋቹ ጋር የሚዋዋለው እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ ሕጉን ያሳያል፣ ከዚያ ያስጨንቃል።

የመቃብሩን የቀለም እንቆቅልሽ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ወለሉ እየተቆራረሰ ወደ ገደል ይወርዳል፣ ላራ ባለቀለም ድንጋዮቹን እያነሳች ትሞክራለች፣ አብረዋት ያሉት ሰዎች ይጮኻሉ። የትኛው ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላሳየንም። መልሱን የምንሰማው ጥያቄውን ሳናውቀው ነው። ጌም ላይ ይህ ችግር የለም፤ ተጫዋቹ ይሳሳታል፣ ይወድቃል፣ ይደግማል፣ ስህተቱ ራሱ ያስተምረዋል። ፊልም ለመደጋገም ጊዜ ስለሌለው ፍንጩን ቀድሞ መዝራት አለበት። ላራ በአባቷ ድብቅ ክፍል ውስጥ ማስታወሻዎቹን ስታገላብጥ የቀለሞቹ ነገር ለአንድ አፍታ ብልጭ ቢል ኖሮ ያ ወለል ሲናድ ተመልካቹም አብሯት በቆጠረ ነበር። የመቃብሩ በርም እንዲሁ ነው፤ ቀለበቶቹን ታዞራለች፣ ይከፈታል፣ እንዴት እንደተከፈተ አይታወቅም። ስሙ ከመቃብር ጋር ለተያያዘ ፊልም ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በውኃው በኩል ግን ዳይሬክተሩ ሮር ኡታውግ የሚያውቀውን ሥራ ነው የያዘው። ኖርዌጂያዊው ዳይሬክተር ከዚህ በፊት የሠራው የተራራ ናዳ ስለሚያስነሳው ማዕበል የሚተርክ ፊልም ነበር። መርከቧ ኢንዱራንስ በዐውሎ ነፋስ የምትሰበርበትም፣ ላራ በወንዝ የምትወሰድበትም ቦታ ላይ ያ ልምድ በግልጽ ይታያል። ፏፏቴው አፍ ላይ የተንጠለጠለው የዛገ አውሮፕላን በ2013 ክሪስታል ዳይናሚክስ ከሠራው ጌም በቀጥታ የመጣ ነው፤ የሚሰነጠቀው መስታወትም ፓራሹቱም ሳይቀር። ፊልሙ ጌሙን አክብሮ ሲከተል ያተረፈው እዚህ ነው። ክንፉ ሲያቃስት፣ ወለሉ ከእግሯ ሥር ሲከዳ፣ በዛፎቹ መሐል ወድቃ ሆዷን ስለታም ስባሪ ሲወጋት፣ አንዱ ችግር ሌላውን እየወለደ ይሄዳል።

ስዊድናዊቷ አሊሺያ ቪካንደር ባሌት የተማረች ናት፣ ለዚህ ፊልም ደግሞ ጡንቻ ጨምራለች። የሚደንቀው ግን ጉልበቷ አይደለም፤ ሕመሙን ማሳየቷ ነው። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ስትዘል ሩቅ አትደርስም፣ ስትይዝ እጇ ይንሸራተታል። በ2001 አንጀሊና ጆሊ የተጫወተቻት ላራ ገና ከመጀመሪያው ሁሉን የምትችል ነበረች። ይህችኛዋ ግን መቻልን እየተማረች ነው።

ከሁሉም በላይ ጭቃው ውስጥ የሚደረገው ግድያ መነሳት አለበት። ላራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስትገድል ካሜራው አይሸሽም፤ ሰውየው እስኪዝል ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ ፊቷ ላይ ይቀራል። ጌሙም የመጀመሪያውን ግድያ ከባድ አድርጎታል፣ ነገር ግን ደቂቃዎች ሳይቆዩ ተጫዋቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን እየጣለ ይጓዛል፣ ድንጋጤው ይረሳል። ፊልሙ በዚህ ከጌሙ ይበልጣል።

ከጌሙ የተተወው ነገርስ? ጌሙ ላይ ላራን የሚገፋት ጓደኛዋ ሳም ናት፤ ደሴቱ ላይ ያሉት ሰዎች ይዘዋታል፣ ላራ ልታስመልጣት ትሮጣለች። የመርከቧ ባልደረቦችም አብረዋት አሉ። ፊልሙ እነዚህን ሁሉ አውጥቶ ከ7 ዓመት በፊት የጠፋውን አባቷን አስገብቷል። ውጤቱ የፍጥነት ችግር ነው። ወደ ልጅነቷ የሚመልሱት ትዕይንቶች አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ አባት ይሰናበታል፣ ልጅ ታዝናለች። አባቷን የሚጫወተው ዶሚኒክ ዌስት ጥሩ ተዋናይ ነው፣ ግን በታየ ቁጥር ሩጫው ቆሞ ማብራሪያ ይጀመራል። የመርከቧ ባለቤት ሉ ሬን ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ው ከላራ ጋር ሲሆን ፊልሙ ሕይወት ይዘራል፤ ደሴቱ ላይ ከደረሱ በኋላ ግን ወደ ዳር ተገፍቷል። ዋልተን ጎጊንስ የሚጫወተው ቮገል ደግሞ ደሴቱ ላይ የታሰረ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሴት ልጆቹ መመለስ ብቻ የሚፈልግ ጨካኝ ሰው ነው። ድካሙ ከጩኸት ይበልጥ ያስፈራል።

የመጨረሻውን ምስጢር ማወቅ የማይፈልግ ቀጣዩንና የመጨረሻውን አንቀጽ ይዝለል።

ሂሚኮ የፈጠራ ስም አይደለችም። የ3ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ዜና መዋዕል የያማታይ ንግሥት አድርጎ ይጠቅሳታል፤ ያማታይ ጃፓን ውስጥ የት እንደነበረ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። ጌሙ ዐውሎ ነፋስን የምታዝ ንግሥት አድርጓታል። ፊልሙ አስማቱን አውልቆ በሽታ ተሸካሚ አደረጋት፤ እሷን የማይጎዳ፣ የነካትን ግን የሚገድል በሽታ። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ መቃብሩ ለምን እንደታሸገም ያስረዳል። ችግሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የበሽታው ሕግ የሚነገረን ሰዎች መውደቅ ከጀመሩ በኋላ ስለሆነ፣ እንደ ቀለሙ እንቆቅልሽ ሁሉ አስቀድመን የምንሰጋበት ዕድል አናገኝም።

ለማየት ላሰበ፦ የመቃብሩ ክፍል በጣም ጨለማ ነው፣ ቀን በመስኮት ብርሃን ከታየ ግማሹ ይጠፋል። ማታ ወይም መጋረጃ ዘግቶ ማየት ይሻላል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን የቴሌቪዥን ቅንብር አጥፉት፤ የብስክሌቱን ሩጫ የቪዲዮ ቀረጻ ያስመስለዋል። የቶም ሆልከንቦርግ ሙዚቃ ከበሮ ስለሚበዛው በስልክ ድምፅ ማጉያ ከንቱ ይሆናል፣ ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ። የጭቃው ግድያና ላራ ከሆዷ ስባሪውን የምታወጣበት ቦታ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆኑም።

መጨረሻው ላይ ቮገልን ያሰማራው ትሪኒቲ የተባለው ምስጢራዊ ድርጅት ገና እንዳልተነካ ይገለጣል፣ ላራም ሁለቱን ሽጉጦች ትይዛለች። ቀጣይ ክፍል ታስቦ ነበር፣ ግን የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም በ2022 የፊልም መብቱን ሲያጣ ቀረ። የትሪኒቲን ነገር መከታተል የሚፈልግ ሰው ወደ ጌሞቹ ይሂድ፤ በ2015 እና በ2018 የወጡት ሁለቱ ተከታታዮች የሚያጠነጥኑት በዚሁ ድርጅት ዙሪያ ነው።