የአባቴን ካሜራ ላዳኑልኝ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ብቻ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። እኚህን ካሜራ ሰሪ እናንተም እወቋቸው።

ካሜራዋ አግፋ ኢዞሌት 2 ናት። ሙኒክ የተሰራች፣ ስትከፍቷት ሌንሷ እንደ አኮርዲዮን በታጠፈ ጥቁር ቆዳ ወደፊት የምትወጣ። አባቴ በ1960ዎቹ ፒያሳ ሁለተኛ እጅ ገዝቷት ነው። የራሷ ርቀት መለኪያ ስለሌላት ከላይ የምትሰካ ትንሽ መለኪያ አላት። በመለኪያዋ ስታዩ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ታዞሩና ቁጥሩን አንብባችሁ ሌንሱ ላይ ትሞላላችሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሁለቱም መሳቢያ ውስጥ ቀሩ።

አምና እህቴ ከአሜሪካ ፊልም ይዛልኝ መጣች። ዘጠናን የተሻገረች አያቴን፣ የአባቴን እናት፣ 12 ፎቶ አነሳኋት። ፊልሙ እዚያው አሜሪካ ታጥቦ ሲመጣ በሁሉም ላይ የአያቴ ፊት ብዥ ብሏል፤ ከጀርባዋ ያለው የመጋረጃ አበባ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አለቀስኩ።

ከዚያ መንከራተት መጣ። አንዱ ጋ «ይሄ ለጌጥ ነው፣ ሽጪው» ተባልኩ። ሌላው አራት ወር አስቀምጦ፣ ስልክ እየዘጋብኝ፣ የሌንሱ ቀለበት አልዞር ሲለው በፒንሳ ታግሎ አቁስሎ መለሰልኝ። ብሩንም ተቀብሏል! የአባት እቃ በፒንሳ ይያዛል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኚህ አባት ካሜራዋን በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉኝ። መብራት አጥፍተው ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ ውስጧን በባትሪ አዩ። ቀለበቱን የያዘው የደረቀ ቅባት ነው አሉ። ዋጋውን አስቀድመው ነገሩኝ፣ ካሜራዋም በቀጠሩኝ ቀን ደርሳ ጠበቀችኝ።

ስሄድ ጠረጴዛ ላይ ጀበና አስቀምጠው፣ ከጀበናው እስከ ወንበሬ በሜትር ለክተዋል።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ በመለኪያዋ እዪ። ስንት ጀበና አለ?»

«ሁለት።»

«አንድ እስኪሆን አዙሪው።»

ገጠመ። ቁጥሩ ግን ከተለካው ይበልጣል። ጥፍር የማታህል ብሎን ነካ አድርገው እንደገና አሳዩኝ፣ እንደገና ነካ። ከዚያ መስኮት ከፍተው የሩቅ ምሰሶ አሳዩኝ። ምን እንዳደረጉ አልገባኝም፤ ብቻ የቅርቡም የሩቁም ገጠመ።

ቀጥለው ቁጥሩን ወደ ሌንሱ እንዴት እንደምወስደው ጠየቁኝ። መለኪያዋ በጫማ (ፊት በሚሉት የርዝመት መለኪያ)፣ ሌንሱ በሜትር ስለሆነ ለ3 አካፍላለሁ አልኳቸው። «ለ3 ስታካፍዪ ልክ አይመጣም፤ ለቅርብ ሰው ደግሞ አራት ጣት ስህተት ብዙ ነው። ዓይኑን ትተሽ ጆሮውን ታነሺያለሽ» አሉኝ። ከደብተር ወረቀት ቆርጠው በቀጭን እስክሪብቶ ጻፉልኝ፦ 4 ጫማ 1.2፣ 5 ጫማ 1.5፣ 6 ጫማ 1.8፣ 10 ጫማ 3 ሜትር። በፕላስተር ሸፍነው ከካሜራዋ ቦርሳ ክዳን ውስጥ ለጠፉልኝ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ለዚህች ወረቀት አልከፈልኩም፤ ከሁሉም የምሳሳላት ግን እሷ ናት።

አያቴን ዳግም አነሳኋት። የአንገቷ ንቅሳት መስመር በመስመር ይቆጠራል። ፎቶውን ሳሳያት በጣቷ ዳስሳው «በልጄ ካሜራ ነው?» አለች።

እባካችሁ የቤተሰብ ካሜራ ያላችሁ ወደ እኚህ አባት ውሰዱት፤ ማንም በፒንሳ እንዳይነካባችሁ። በፊት ፒያሳ ነበሩ፣ አሁን ቤታቸው ነው የሚሰሩት፤ ስለዚህ ስልካቸውን በአደባባይ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ደውላችሁ ሂዱ። ርቀት መለኪያ ካለውም አብራችሁ ያዙት፤ ሁለቱን ሳያዩ አይጀምሩም።